ቴሎሜር ምንድን ነው? «ወጣት የሚያደርግ ክኒን» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ቴሎሜር የሚያረዝም ክኒን ይሸጣል፤ ብወስደው ወጣት ያደርገኛል?» መልሱን ከመስጠቴ በፊት ቴሎሜር ምን እንደሚሠራ እንይ።

በአብዛኞቹ ሴሎቻችን ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። የዘር መረጃችን፣ ማለትም ዲኤንኤ፣ የተጠቀለለው እነሱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ስላለው በአንድ ሴል 92 ጫፎች አሉ ማለት ነው።

ሴል የተበጠሰ ዲኤንኤ ሲያገኝ ዝም አይልም፤ ወዲያው ሊቀጥለው ይሞክራል። ታዲያ ጤነኛውን ጫፍ «ተበጥሷል» ብሎ ከሌላ ክሮሞሶም ጋር ቢያጣብቀውስ? የዘር መረጃው ይበላሻል። ይህን የሚከላከለው ቴሎሜር ነው። ነጠላ ጫፉ የሚቋጨው ሸማው እንዳይተረተር አይደል? ቴሎሜርም እንደዚያው ነው። ስድስት የዲኤንኤ ፊደላት፣ ቲቲኤጂጂጂ፣ ብዙ ጊዜ እየተደጋገሙ ይሠሩታል፤ ፕሮቲኖች ደግሞ ሸፍነው ይጠብቁታል።

ሴል በተከፈለ ቁጥር የዲኤንኤው ቅጂ እስከ መጨረሻው ጫፍ ስለማይደርስ ቴሎሜር ትንሽ ትንሽ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈል ያቆማል ወይም ይሞታል። ያጠረውን መልሶ የሚያረዝም ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ኤሊዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬደር እና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ዙሪያ በሠሩት ጥናት ነው።

«እንግዲያው ኢንዛይሙን ብንጨምረውስ?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ከካንሰሮች 85 በመቶ ያህሉ ያለማቋረጥ የሚባዙት ይህንኑ ኢንዛይም ቀስቅሰው ነው። ስለዚህ የቴሎሜር ማጠር እርጅና ብቻ ሳይሆን ፍሬንም ነው፤ የተበላሸ ሴል እንደልቡ እንዳይባዛ ይይዘዋል።

ምክሬ ይኸው፦

👉 የጤነኛ ሰውን ዕድሜ በቴሎሜር በኩል እንደሚያረዝም የተረጋገጠ ክኒን የለም። ገንዘባችሁን ያዙ።
👉 የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒታችሁን ትታችሁ በእንዲህ ዓይነት ክኒን በፍጹም እንዳትተኩ! ጉዳቱ ከባድ ነው።
👉 ሲጋራ አቁሙ። የሚያጨሱ ሰዎች ቴሎሜር አጠር ብሎ ይገኛል፤ ለሳንባና ለልብ ያለውን ጉዳት ደግሞ ታውቁታላችሁ።
👉 በእግር ሂዱ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ግፊታችሁን ተለኩ። እነዚህ ጥቅማቸው የተረጋገጠ ነው።

ክኒኑን ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት።