የፈረስ ጉልበት ሲሶ

አማርኛ የእግርን መታጠፊያም የሰውነትን ብርታትም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፤ ጉልበት። አንድ አዛውንት «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉ የከዳቸው መገጣጠሚያው ይሁን አቅማቸው አድማጭ ከፊታቸው አይቶ ይፈርዳል። መኪና ሻጩም ስለ ሞተሩ ሲያወራ «ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው» ይላል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ መሣሪያ ሦስቱንም ያገናኛቸዋል። ሳይክል የሚነዳ ሰው በጉልበቱ እየገፋ የሚያወጣውን ጉልበት ለክቶ በቁጥር ያሳያል። ስሙ ፓወር ሜትር ነው፤ መስፈሪያው ደግሞ አምፖል ላይ የምናነበው ያው ዋት። አንድ የፈረስ ጉልበት 735 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ በ245 ዋት የሚነዳ ሰው ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ የአንድ ፈረስ ሲሶ ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቃ ለማውራት ሐዋሳ ጥሩ ቦታ ናት። ከባሕር ዳር ጋር በሳይክል ስማቸው ከሚነሳ ከተሞቻችን አንዷ ነች፤ ሜዳነቷ ለፔዳል የተሠራች ያስመስላታል። ባጃጅ ቢበዛም ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ አትክልት ጭኖ የሚመለሰው ሰው አሁንም ሳይክሉን አልተወም። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ስሙ እንደሚነግረን ከሐይቁ ራቅ ባለው ወገን፣ ማለዳ ተነስቶ ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ የሚነዳ ሰው ሻሸመኔ እስኪደርስ ከፊቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለው። ለትራያትሎን የሚያስፈልገውም ሁሉ በአንድ ከተማ ተሟልቷል፦ ለዋና ሐይቁ፣ ለሳይክል አስፋልቱ፣ ለሩጫ የታቦር ተራራ ግርጌ። (ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ መኖሩን ለዋናተኛ መንገር የእኔ ግዴታ ነው፤ የቢልሃርዚያውንም ነገር እንዲሁ።)

ትራያትሎን ላልሰማ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ያለ ዕረፍት ይከታተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ሲገባ የተያዘው ርቀት 1.5፣ 40 እና 10 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ የተጀመረው አይረንማን የሚባለው ግን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክልና ሙሉ ማራቶን ነው። በረጅሙ ውድድር ከሌላ ሳይክለኛ ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ነው። ብቻህን ትነዳለህ፤ ከሳይክሉ ስትወርድም ማራቶን ይጠብቅሃል። ጉልበቱን ሳይክሉ ላይ ጨርሶ ወደ ሩጫው የገባ ሰው በእግሩ እየተራመደ ይጨርሳል። የትራያትሎን ሰዎች ስለዚህ ዕቃ ከሌላው ሳይክለኛ አብልጠው የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ጉልበቱን በቁጠባ ለማውጣት ሰው ድሮ ሁለት ነገር ያይ ነበር፤ ፍጥነቱንና የልቡን ምት። ፍጥነት ይዋሻል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰውና ሳይክል አንድ ላይ፣ ሳይደክምም ሳይሰንፍም በ200 ዋት ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ይውጣ እንበል። መንገዱ ቀስ እያለ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፣ ነፋስ ባይኖርና ሰውየው መሪው ላይ ጎንበስ ቢል በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሲመለስ በዚያው 200 ዋት 41 ገደማ ይነዳል። እግሩ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የፍጥነት መቁጠሪያው ግን ጠዋት ሰነፍ፣ ሲመለስ ጀግና ብሎታል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ልብም ቢሆን አይዋሽም እንጂ ይዘገያል፤ ዳገት ከጀመርክ አንድ ደቂቃ አልፎ ነው ወሬውን የሚያደርስህ። ሙቀት፣ ቡና፣ ያልተኛህበት ሌሊት ሁሉ ይገባበታል። ዋት እነዚህን አያውቅም። እግር ስንት እንደገፋ ያውቃል፤ ሌላ ምንም አያውቅም።

ውስጡን ብናየው ምሥጢሩ ብረት መለጠጡ ነው። ጠንካራ የምንለው ብረትም ሲጫኑት በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል ወይም ይታጠፋል። በፔዳሉ ክንድ ወይም በፔዳሉ ዘንግ ላይ ከወረቀት የሳሳ፣ እንደ እባብ የተጥመለመለ ቀጭን የብረት መስመር ይለጠፋል። ብረቱ ሲለጠጥ መስመሩም አብሮ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ መስመር ቀጭንና ረጅም ስለሚሆን የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል። ያቺን ኢምንት ለውጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አንብባ እግሩ ምን ያህል እየጠመዘዘ እንደሆነ ታውቃለች። በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ሌላ መለኪያ ይነግራታል። ጥምዘዛውን በዙሩ ፍጥነት ስታባዛ ዋት ይወጣል። በደቂቃ 90 ዙር እያዞረ 200 ዋት የሚያወጣ ሰው፣ የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ዙሩን በሙሉ በአማካይ የሚገፋው 12 ኪሎ ተኩል በሚያህል ጫና ነው። ከአንድ ጀሪካን ውሃ ያነሰ መሆኑ መጀመሪያ ይገርማል። አድካሚው ክብደቱ ሳይሆን 90 ጊዜ፣ እንደገና 90 ጊዜ መደጋገሙ ነው።

ይህን አስቦ ለሳይክል ያዋለው ኡልሪሽ ሾበረር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1986 ነበር። ኤስ አር ኤም የተባለው የእርሱ መሣሪያ መጀመሪያ የቤተ ሙከራና የጥቂት ሀብታም ቡድኖች ዕቃ ሆኖ ቆየ፤ ግሬግ ለመንድ ቀድመው ከገዙት ነጂዎች አንዱ ነው። ዛሬ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ያለ ዋት መለኪያ የሚለማመድ ነጂ አይገኝም። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የገባው እንዲህ ወዳለ ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ኦሎምፒኳ ሳይክለኞች ባሰለፈች ጊዜ፣ እነ ገረመው ደንቦባ የነበራቸው መለኪያ የራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ግዢው። አዲስ የትራያትሎን ሳይክል ሊያዝ ያሰበ ሰው ፓወር ሜትሩን አብሮ ይግዛ ወይስ ኋላ ይጨምር? እኔ አብሮ ይወሰን ባይ ነኝ፤ ይወሰን አልኩ እንጂ የግድ ይገዛ አላልኩም። ምክንያቱ ደግሞ የፔዳሉ ክንድ ነው። የትራያትሎን ሰው ወደፊት አጎንብሶ ስለሚነዳ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል፤ ብዙዎች ክንዱን 165 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ያሳጥሩታል። መለኪያው ክንዱ ላይ የሚገጠም ዓይነት ከሆነ ርዝመቱን ቀድሞ አለመወሰን ማለት አንዴ ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ ሌላ መግዛት ነው። ክንዱ የሚገባበት ቀዳዳና ዘንግም ከቴላዮ ቴላዮ ይለያያል። በአውሮፓ ያለ ሰው አልገጥም ሲለው በማግስቱ ሱቅ ሄዶ ይቀይራል። ሐዋሳ ያለው ሰው ግን ዕቃውን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ አስመጥቶ፣ አልገጥም ሲል የሚቀጥለውን ዘመድ ይጠብቃል።

መለኪያው የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ ነው። በግራ ክንድ ላይ ብቻ የሚገጠመው ርካሹ ነው፤ የግራ እግርን ሥራ ለክቶ በሁለት ያባዛል። ሰው ደግሞ እንደ ሚዛን እኩል አይደለም። ከመቶ 52ቱን በግራ የሚገፋ ሰው እውነተኛው 200 ሆኖ ሳለ 208 ይነበብለታል። ይህ ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ዛሬን ከትናንት ለማወዳደር ይበቃል። ችግሩ ሲደክም እግሮቹ መጠናቸውን መቀያየራቸው ነው። በትልቁ ጥርስ መሐል የሚቀመጠው የሁለቱንም እግር ድምር ያያል፤ ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ነው የሚስተው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በኋላ ጎማ መሐል የሚገባውን ለትራያትሎን አልመክርም፤ ለውድድር ጎማ ስትቀይር መለኪያህ ቤት ይቀራል።

እዚህ ላለ ሰው የእኔ ምርጫ ፔዳሉ ውስጥ የሚገባው ነው። ፈትቶ ሌላ ሳይክል ላይ መግጠም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የክንዱ ርዝመት ምንም ይሁን፣ ቴላዮው ምንም ይሁን ግድ የለውም። ሳይክሉ ቢሸጥም መለኪያው ከአንተ ጋር ይቀራል። ነውሩ ዝቅ ብሎ መቀመጡ ነው፤ ሳይክሉ ከወደቀ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እርሱ ነው፤ የእኛ መንገድ ዳር ጠጠርም አይምርም። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና ከ1000 ያልፋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያ «ጥቂት መቶ» በብር ሲመነዘር ምን እንደሚመስል የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አልጠራጠርም፤ መጀመሪያ ሳይክሉን በልክህ አስተካክል፣ ደህና ጎማ ግዛ፣ ከመነዳሪ በትርፍ ያዝ። በማይሆንህ ሳይክል ላይ የተገጠመ መለኪያ ሕመምህን በዋት ከመንገር በቀር የሚረዳህ ነገር የለም።

ሳይክል ጠጋኞቻችን ቴላዮውን፣ ካቴናውን፣ ከመነዳሪውን የሚጠሩት ከጣሊያን በወረሱት ቃል ነው። ፓወር ሜትር ግን ገና ስም አልወጣለትም፤ ብዙ ጠጋኝ አይቶትም አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ነገር ራስህ ማወቅ አለብህ። አንደኛው አጠባበቁ ነው። ፔዳሉ በትክክለኛ ጥብቀት ካልታሰረ ንባቡ ይዛባል፤ «እጄ ያውቀዋል» የሚለው ጥበብ ለተራ ፔዳል እንጂ ለዚህ አይሠራም። አዲስ የተገጠመውም ቦታውን እስኪይዝ ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ነድተህ እንደገና ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው ላቫጆ ነው። መሣሪያው ዝናብ ይችላል፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባጃጅ የሚታጠብበት ላቫጆ ወስደህ አታሳጥበው። በእርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ባትሪው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ትንሹ ዓይነት ከሆነ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል፤ በቻርጅ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሳይጠፋ ሙላው።

የመጀመሪያው ልምምድ መለኪያውን በራስህ ላይ መፈተን ነው። በደንብ ካሟሟቅህ በኋላ 20 ደቂቃ የቻልከውን ሁሉ ንዳ፤ ከአማካዩ ከመቶ 5 ቀንስ። 240 ዋት ካወጣህ 228 ይቀራል፤ አንድ ሰዓት ሊያስነዳህ የሚችለው ወሰንህ በግምት ይኸው ነው። 180 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማራቶን ለሚሮጥ ሰው ከዚህ ወሰን ከመቶ 70 አካባቢ፣ ማለትም 160 ዋት፣ ደህና መነሻ ነው። ውድድር ቀን መጀመሪያ ላይ 160 የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሌላው ሁሉ እያለፈህ ይሄዳል፤ እልህ ይይዝሃል። መሣሪያው ዋጋውን የሚከፍለው በዚያች ሰዓት ነው። አየር በፍጥነት ላይ የሚያስከፍለው ቅጣት ከባድ ስለሆነ፣ ከ30 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ነፋሱን ለመሰንጠቅ ብቻ ከሁለት እጥፍ በላይ ዋት ይጠይቃል። እልህ በጣም ውድ ነው፤ መለኪያው ደረሰኙን ወዲያው ያሳይሃል።

ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ቁጥር ሐዋሳ ላይ እንዳለ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከመቶ 15 ያህል የሳሳ ነው። ሳንባ ያነሰ ኦክስጅን ስለሚያገኝ የአንድ ሰዓት ወሰንህ እዚህ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ፊትህን የሚገፋውም አየር ሳስቷል፤ በሜዳ ላይ በተመሳሳይ ዋት ከባሕር ዳርቻው ሰው ፈጠን ትላለህ። ሐዋሳ ተለማምዶ ጅቡቲ ወይም ዱባይ የሚወዳደር ሰው ይህን ተገላቢጦሽ ካላወቀ ግራ ይጋባል፤ ዋቱ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ግን አልከተል ይለዋል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ ከፍ ያለውንም ዋት ብዙ አይዘልቅበትም።

ከመንዳትህ በፊት በየማለዳው አንዲት ሥርዓት አለች፤ ሚዛን ቤት ያለች ሴት ጤፍ ከመስፈሯ በፊት ባዶውን ሚዛን ዜሮ መቆሙን እንደምታየው ማለት ነው። እግርህን ከፔዳሉ አውርደህ፣ ክንዱን ቀጥ አድርገህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዜሮ አስይዘው። ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥ የንጋቱ ዜሮና የእኩለ ቀኑ ዜሮ አንድ አይደሉም፤ የተሻሉት መሣሪያዎች ይህን ራሳቸው ያርማሉ፣ ርካሾቹ ግን ሁልጊዜ አይሆንላቸውም። በብርድ የወጣ ሰው ጥቁር ውሃ ሲደርስ ፀሐይ ከወጣች አንድ እግሩን መሬት አስይዞ እንደገና ዜሮ ቢያስይዝ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል።