ለማይታየው ነገር የሚደረግ ጥበቃ

ነፋስ ወደ ቤት ሲገባ ነፋሱ ራሱ አይታይም፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ግን መግባቱን እናውቃለን። የሰማይን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንትም እንዲሁ ከከዋክብት አካሄድ ተነሥተው፥ በዓይንም በመነጽርም ሊታይ የማይችል እጅግ ብዙ ቁስ በዓለም መኖሩን ተረድተዋል። ስሙንም ጨለማ ቁስ ብለውታል። በስሌታቸው መሠረት በዓለም ካለው ቁስ ከመቶው 85 ያህሉ ይኸው የማይታየው ነው። ስለዚሁ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት እንጽፋለን፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓ አቆጣጠር እናደርጋለን።

ነገሩን አስቀድመው በ1933 ካመለከቱት አንዱ ፍሪትዝ ዝቪኪ የተባሉ የስዊስ ሊቅ ናቸው፤ ቃላቸውን ግን ብዙዎች ሳይቀበሉት ዘመን አለፈ። ኋላ ነገሩን ያጸኑት አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ቬራ ሩቢን ናቸው። ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ በእኚህ እመቤት ቤት ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን። በወጣትነታቸው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሥነ ፈለክ ለከፍተኛ ትምህርት ሴት አይቀበልም ነበርና ሌላ በር ፈለጉ። ልጅ ወልደው ሳለ በዋሺንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በማታ ተማሩ፤ መኪና መንዳት ስለማያውቁም ባለቤታቸው አድርሰዋቸው እስኪወጡ ድረስ ይጠብቁ ነበር፤ ሕፃናቱንም አያቶቻቸው ይይዙ ነበር። በ1954 ዶክተር ተባሉ። አራቱ ልጆቻቸውም ኋላ ሁሉም በየትምህርታቸው ዶክተሮች ሆኑ።

ወይዘሮ ሩቢን ከባልደረባቸው ከኬንት ፎርድ ጋር አንድሮሜዳ የተባለውን የከዋክብት ክምችት መርምረው ውጤቱን በ1970 አወጡ። በዳር ያሉት ከመካከሉ ቢርቁም ፍጥነታቸው እንደታሰበው አልቀነሰም። ስለዚህ የሚይዛቸው ሌላ ክብደት መኖር አለበት።

ያ ክብደት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ዛሬ ጥበቃው ከሰማይ ወደ ምድር ውስጥ ወርዷል። በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ፥ በ2002 በተዘጋ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ፥ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወርደው ከቲታንየም የተሠራ ትልቅ ጋን አቁመዋል። ኤል ዜድ ይባላል። በውስጡ 10 ቶን ዜኖን የተባለ ጋዝ በብርቱ ብርድ ፈሳሽ ሆኖ ተቀምጧል። ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር አለቱ ስለሚከለክል፥ የማይታየው ቁስ ዜኖኑን ቢነካው ጥቂት ብልጭታ ይታያል ብለው ይጠብቃሉ። ጠባቂዎቹ ከአሜሪካ፥ ከእንግሊዝ፥ ከፖርቱጋል፥ ከስዊስ፥ ከደቡብ ኮርያና ከአውስትራልያ የተሰበሰቡ ወደ 250 የሚሆኑ ሊቃውንትና መሐንዲሶች ናቸው።

ሰው የሚመኘውን ነገር ያየ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በመዝገባቸው መካከል ሆን ብለው የሐሰት ምልክት ያስገባሉ፤ ይህንንም ጨው መነስነስ ይሉታል። መርማሪዎቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ የትኛው እውነተኛ፥ የትኛው ሐሰተኛ እንደ ሆነ አያውቁም። እኛስ ከጋኑ ይልቅ ይህን አደነቅን። በ2024 የ280 ቀን ጥበቃ ውጤት ሲገለጥ የፈለጉት ምልክት አንድ እንኳ አልተገኘም፤ ይህንኑም ሳይሸሽጉ ለዓለም አስታወቁ። የሌለበት ስፍራ መታወቁ ፍለጋውን ያጠበዋል እንጂ ከንቱ አያደርገውም።

በኢጣልያም በግራን ሳሶ ተራራ ሥር፥ በ1400 ሜትር አለት ተሸፍኖ፥ ሌላ ማኅበር በዜኖን ይኸንኑ ይፈልጋል። ሁለቱ ማኅበሮች ለብዙ ጊዜ የሚፎካከሩ ነበሩ። በ2021 ግን ከ16 አገሮች የተውጣጡ 104 የምርመራ ቡድን አለቆች፥ ከፊተኞቹ የሚበልጠውን የሚቀጥለውን ጋን በአንድነት ለመሥራት ስማቸውን በአንድ ወረቀት ላይ አኖሩ።