ቋንቋን የሚያበላሸው ስልኩ ነውን?

ከሥራ ውላ የገባች እናት ነጠላዋን ሳታስቀምጥ ዓይኗ የሚያርፈው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ በተቀመጠው ልጅዋ ላይ ነው። አማርኛውን በላቲን ፊደል እየቆራረጠ ለጓደኛው ሲጽፍ ስታይ «ይህ ዕቃ ቋንቋውንም ትምህርቱንም ሊያጠፋበት ነው» ብላ ትሰጋለች። ይህ ስጋት የብዙ ወላጆች ስጋት ነው። የሥራ ዘመናቸውን በዚሁ ጥያቄ ላይ ያሳለፉ አንዲት ምሁር የደረሱበትን ማወቅ ለእናቶች ይጠቅማል።

ፕሮፌሰር ናኦሚ ባሮን አሜሪካዊት የሥነ ልሳን ምሁር ናቸው። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካገኙ በኋላ በብራውን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ኋላም ዋሽንግተን በሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት እንዴት አፍ እንደሚፈቱ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጡ። በ2000 ደግሞ የእንግሊዝኛን ጽሑፍ ታሪክ ከፊደል እስከ ኢሜይል የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ።

ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ በተስፋፉ ጊዜ ምሁሯ ወሬ ከመስማት ይልቅ መቁጠርን መረጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮምፒዩተር የተለዋወጧቸውን መልእክቶች ሰብስበው ቃል በቃል መረመሩ። ከ11,700 በላይ ከሚሆኑት ቃላት ውስጥ የኮምፒዩተር ጽሕፈት የወለዳቸው አሕጽሮቶች ሁለት መቶ እንኳ አልሞሉም። ሴት ለሴት ስትጽፍ ደግሞ ለመሰነባበት ብቻ ወንዶች እርስ በርሳቸው ከሚጠቀሙበት መልእክት ከእጥፍ በላይ ታወጣ ነበር። እንግዳ ሸኝተን በር ላይ ቆመን አዲስ ጨዋታ የምንጀምር እናቶች ይህ አይገርመንም።

ታዲያ የተማሪው ጽሑፍ ግድ የለሽ የሆነው ከምን የተነሣ ነው? ፕሮፌሰሯ በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ብቻ አላላከኩም። በቋንቋ ረገድ «ምን ቸገረኝ» የሚለው መንፈስ ከመሣሪያው በፊት በትምህርት ቤቱና በኅብረተሰቡ ውስጥ ገብቷል ይላሉ። ልጁ ስሕተት ሲጽፍ የሚያርመው ሰው ከሌለ ስልኩን መንጠቅ ብቻውን አያርመውም።

ይህ ማለት ግን ስልክና ኮምፒዩተር ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም። ምሁሯ በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ በጀርመን፣ በስሎቫኪያና በሕንድ ከ400 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ከመቶ 92ቱ ሐሳባቸው ይበልጥ የሚሰበሰበው በወረቀት ሲያነቡ መሆኑን ተናግረዋል። በኮምፒዩተርና በስልክ የሚያነብ ሰው ወደ ሌላ ነገር ለመዝለል ይቀለዋል፤ ዓይኑ ይሮጣል እንጂ ልቡ አይቀመጥም። ስለዚህ አደጋው ከፊደሉ ይልቅ በትዕግሥት የማንበብ ልማድ ላይ ነው። በ2023 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ማሽን ለሰው ሲጽፍለት ሰው በራሱ የመጻፍ ችሎታውን እንዳያጣ አስጠንቅቀዋል።

በእርግጥ በእኛ ቤት መጽሐፍ ውድ ነው። የትምህርት ቤቱ ማስታወሻም በቴሌግራም ይመጣል። ስልኩን ፈጽሞ መከልከል ለብዙዎቻችን አይቻልም። ቢሆንም ፕሮፌሰሯ መሣሪያውን አትንኩ አይሉም፤ ለእያንዳንዱ ንባብ የሚስማማውን እንምረጥ ነው የሚሉት። ልጁ በስልክ ሲያጠና ሌላውን መልእክት ይዝጋ፤ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ ዋና ዋናውን ነጥብ በእጁ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። እናትም ቡና እስኪፈላ ባለው ጊዜ «ያነበብከውን እስቲ ንገረኝ» ትበለው። ከተዋሰውም ሆነ ካረጀ መጽሐፍ በቀን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነብላት ደግሞ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ደክማ ለገባች እናት ሩብ ሰዓትም ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። አባትም በቤት አለና ተራውን ይያዝ። ልጅ አፉን የፈታው በወላጆቹ ጉልበት ላይ ነው፤ ማንበብን የሚያጸናውም በዚያው ነው።