ልብ ሲደክም ሰውነት የሚሳሳተው ስሌት

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ካኮ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ይደምቃል። እንበልና ከገበያተኞቹ መካከል አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት አሉ። ቀድሞ ሸክማቸውን አዝለው ሳያርፉ ይወጡት የነበረውን ዳገት አሁን ሦስት ጊዜ ቆመው ካልተነፈሱ አይጨርሱትም። ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ቁጭ ብለው ያነጋሉ፤ ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። ልጃቸው ጂንካ ወስዶ ሲያስመረምራቸው ሐኪሙ «የልብ ድካም ነው» አላቸው። እናትም ልጅም ከዚያ በኋላ የተነገረውን አልሰሙም፤ «ልቤ ሊቆም ነው» የሚለው ሐሳብ ጆሯቸውን ደፍኖታልና።

ለዚህ ድንጋጤ ቋንቋችንም የራሱ ድርሻ አለው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በድንገት ሲደፈንም፣ ልብ ቀስ በቀስ አቅም ሲያጣም «የልብ ድካም» ማለት ተለምዷል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። እዚህ ላይ የምንነጋገርበት ሁለተኛው ሲሆን፣ ትርጉሙም ልብ ቆሟል ማለት ሳይሆን የሰውነትን ፍላጎት የሚያሟላ ደም በቀላሉ መርጨት አቅቶታል ማለት ነው። ጤናማ ልብ በእረፍት ጊዜ በየደቂቃው 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። የግራው ታችኛ ክፍል በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላዩን ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ መጠን 40 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን የመግፋት አቅሙ ቀንሷል ይባላል። ኢኮ በሚባለው የድምፅ ሞገድ ምርመራ የሚለካውም ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው ግን ልቡ በደንብ እየገፋም ጡንቻው ስለሚደርቅ በደንብ አይሞላም፤ ይህም የልብ ድካም ነው።

ምክንያቱ ከአገር አገር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመውና ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕሙማንን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር። በበለጸጉት አገሮች ዋነኛ የሆነው የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ እዚህ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሲገኝ፣ የደም ግፊት ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ድርሻ ይዟል። በወጣቶች ዘንድ ደግሞ በልጅነት ሳይታከም ያለፈ የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለው የልብ በር ሕመም አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን እንዲመሠርቱ ያነሣሣቸው በአብዛኛው በዚህ ችግር የተያዙ ሕፃናት ጉዳይ ነበር። ከእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚከሰት የልብ ጡንቻ ድካምም አለ። አራስ ሴት ትንፋሽ ሲያጥራትና እግሯ ሲያብጥ «የወሊድ ነው» ተብሎ መታለፍ የሌለበት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንድ ወጣት እረኛ በፀማይ ቆላ ፀሐይ ከብቶቹን እየነዳ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳያገኝ ዋለ እንበል። በላብ ብዙ ጨውና ውኃ ስለወጣው የደሙ መጠን ይቀንሳል። ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ሲያንስ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል። በሬኒን የሚጀምረው የኬሚካል ሰንሰለት አንጂዮቴንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስገኛል፤ እርሱም የደም ቧንቧዎችን ያጠብባል፣ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ኩላሊት ጨውንና ውኃን እንዳይጥል ያዛል። አድሬናሊንና መሰሎቹ ልብን ያስሮጣሉ። እረኛው ማታ ከምንጩ እስኪደርስ በሕይወት የሚያቆየው ይህ ድንቅ ሥርዓት ነው።

የእኚያ እናት ኩላሊትም የሚደርሰው ደም አንሷል። ነገር ግን ያነሰው ውኃ ስለተጠሙ ሳይሆን ልባቸው መግፋት ስላቃተው ነው። ኩላሊት ይህን ልዩነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እንደ ቆላው እረኛ ቆጥሯቸው ጨውና ውኃ ያከማቻል፣ ቧንቧዎቹ ይጠብባሉ፣ ልብም ይጋለባል። የተጠራቀመው ውኃ በእግርና በሳንባ ይተኛል፤ የደከመው ልብ በጠበበ ቧንቧ ላይ የበለጠ ደም እንዲገፋ ይገደዳል፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ቅርጹን ይለውጣል። ሕመሙን የሚያባብሰው እንግዲህ ልክ የሆነው የሰውነት እርዳታ ያለቦታው መዋሉ ነው።

መድኃኒቶቹም የሚገቡት በዚህ ሰንሰለት ላይ ነው። በብዙዎች ዘንድ ላሲክስ በሚል ስም የሚታወቀው ፉሮሴማይድ የተጠራቀመውን ጨውና ውኃ በሽንት ያስወጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግር ይጎድላል፣ ትንፋሽ ይከፈታል፣ ሰው ይተኛል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ «ድኛለሁ» ብሎ ሁሉንም ኪኒን የሚተው ብዙ ነው። ላሲክስ ውኃውን አወጣ እንጂ የኩላሊትን የተሳሳተ ስሌት አላረመም።

ስሌቱን የሚያርሙት ሌሎቹ ናቸው። ታሪካቸው ከብራዚል እባብ ይጀምራል። ጃራራካ የተባለው እፉኝት የነደፈው እንስሳ የደም ግፊቱ እንደሚወርድ የታወቀ ነበር። ሰርጂዮ ፌሬራ የተባለው ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ከመርዙ ያገኛቸው ንጥረ ነገሮች አንጂዮቴንሲንን የሚሠራውን ኢንዛይም እንደሚገቱ ኋላ ተረጋገጠ። ኩሽማንና ኦንዴቲ የተባሉ የአሜሪካ ኩባንያ ሳይንቲስቶች ይህን መነሻ አድርገው በ1970ዎቹ ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ ኢናላፕሪል ተከተለ። (ኪኒኑ ውስጥ መርዝ የለም፤ ከእባቡ የተወሰደው ሐሳቡ ብቻ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1987 በስካንዲኔቪያ አገሮች ልባቸው እጅግ በደከመ 253 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በስድስት ወር ውስጥ ኢናላፕሪል ካልወሰዱት 44 በመቶ ሲሞቱ ከወሰዱት የሞቱት 26 በመቶ ነበሩ።

ከዚህ የሚያስገርመው ግን የልብን ሩጫ የሚቀንሱት የቤታ ማገጃዎች ታሪክ ነው። ደካማን ፈረስ በጅራፍ ማስሮጥ እንጂ ማዝገም ይጎዳዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር መድኃኒቶቹ ለልብ ድካም የተከለከሉ ነበሩ። ስዊድናዊው ፊን ቫግስታይንና ባልደረቦቹ በ1975 እ.ኤ.አ. በሰባት ሕሙማን ላይ ሞክረው መሻሻሉን ሲያሳዩ የተቀበላቸው ጥቂት ነበር። በ1999 ታትመው የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንሱ አረጋገጡ። አልዶስቴሮንን የሚያግደው ስፓይሮኖላክቶንና በመጀመሪያ ለስኳር ሕመም የተሠሩት እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት ኪኒኖች ሲታከሉ የዛሬው ሕክምና ዋና ዋና ክፍሎች ተሟሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች በትንሽ መጠን ተጀምረው በየሳምንታቱ ከፍ ይደረጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መፍዘዝና ድካም ሊኖር ይችላል፤ በተለይ የቤታ ማገጃ ጥቅሙ የሚታየው በወራት ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ሳሉ ቢያስቸግር ሐኪሙ ሌላ ይተካል እንጂ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ መናገር አለባት፤ ፅንስን ይጎዳልና። ለወገብ ሕመም ከሱቅ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨውና ውኃ ስለሚያጠራቅሙ የላሲክስን ሥራ ያፈርሳሉ።

ጨው ሲባል ከላይ የሚነሰነሰው ብቻ አይደለም፤ ተዘጋጅቶ በተፈጨው ሽሮና በርበሬ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። በቅል ሾርቃ የሚቀርበው የቡና ገለባ ሸፈሮም ሐኪሙ የፈሳሽ ገደብ ካዘዘ እንደ ውኃው ሁሉ በሂሳብ ይገባል። ሚዛን ያለው ሰው ጠዋት ሽንቱን ከሸና በኋላ ይመዘን፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውኃ ተጠራቅሟልና ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይሂድ። ሚዛን የሌለው ቁርጭምጭሚቱን በጣቱ ተጭኖ ጉድጓዱ ቶሎ አለመሙላቱን፣ ወይም የእግር አልቦው መጥበቁን ያስተውል። በተቃራኒው በቆላ ሙቀት ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው የውኃ ማስወጫውን እንደወትሮው መቀጠል ሊጎዳው ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ባለሙያ ያማክር።

በዚህ ሁሉ መካከል የሰውየውን ፍርሃት መርሳት አይገባም። እኚያ እናት ሸክም መሸከም ሲከለከሉ የተወሰደባቸው በቤታቸው የነበራቸው ቦታ ጭምር ነው። ልጃቸው «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» እያለ ሁሉንም ከእጃቸው ቢቀማቸው ያዝናሉ፤ ሕመሙ ከተረጋጋ በኋላ በልክ መራመድና ቀላል ሥራ መሥራት ለልብም ይጠቅማል። ልጅየው የሚረዳቸው ቀጣዩን ምርመራ ሲያደርጉ አብሮ ገብቶ በድንጋጤ ያልሰሙትን በመጠየቅ፣ የኪኒኑን ስምና ሰዓት ጽፎ በመያዝ ነው።

መንገድ በሚሄዱበት ቀን ሽንት ያስቸግረኛል ብለው ላሲክስን የሚዘሉም ብዙ ናቸው። ሐኪሙን ከጠየቁት ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ማሸጋገር ይቻላል። ካኮ ያለ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን የሚያመጣው ከሩቅ ነውና፣ ኪኒኑ ተቆጥሮ የሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ጂንካ የሚሄደውን ሰው መፈለግ ይጀመራል።