ከዘር አዲስ ተክል ልታበቅሉ ነው? መጀመሪያ ስሙን እወቁ



ዛሬ የምናወራው ስለ ግፊት ወይም ስለ ስኳር አይደለም፤ ስለ አበባ ዘር ነው። «ዶክተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ አትክልተኛ ሆነ?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ጉዳዩ የጤና መሆኑን ታዩታላችሁ።

መነሻዬ በኢንቦክስ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንዲት እህታችን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ከውጭ የመጣ ዘመዳችን የተለያየ የአበባ ዘር በትንንሽ ላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ስማቸው አልተጻፈም። አንዱ ትልቅና ዝንጉርጉር ነው፣ ባቄላ ይመስላል፣ ሲያምር! በረንዳ ላይ ልዘራቸው ነው። ግን የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ችግር ይኖረው ይሆን?»

አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። ከመዝራቷ በፊት መጠየቋ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኞቻችን ዘር ስናገኝ የምንጠይቀው «ይበቅል ይሆን?» ብለን ነው። ከዚያ በፊት መቅደም ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ የተክሉ ስም ማነው? ቤት ውስጥ ማን ወደ አፉ ሊከተው ይችላል?

ዘር ለምን ከቅጠልና ከአበባ ይበልጥ ያሳስበናል?

ተክል እንደ እንስሳ ሮጦ አያመልጥም። ራሱን የሚከላከለው በኬሚካል ነው፤ ብዙ ተክሎች ደግሞ ከዚህ ኬሚካል ብዙውን የሚያከማቹት ለነገ ትውልዳቸው ማለትም ለዘሩ ነው። በዚያ ላይ ዘር ትንሽ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ለሕፃን ከረሜላ ወይም ቆሎ ይመስለዋል። መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦም መርዙ አይጠፋም።

ሌላው ደግሞ መርዝ የሌለው ዘር ጭምር የሚያመጣው ችግር አለ፤ ትንታ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባቄላ የሚያህል ነገር በአፉ ይዞ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ዘር እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ደግሞ ቧንቧውን ይበልጥ ይዘጋል። ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ካሳለውና ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ በኋላ ቢሻለውም እንኳ ለሐኪም መታየት አለበት።

በተለይ ልታውቋቸው የሚገቡ ተክሎች

1. ጉሎ

እህታችን የገለጸችው ዝንጉርጉር ዘር ይህን ሳይሆን አይቀርም። ጉሎን በየመንገዱ ዳር እናውቀዋለን፤ እናቶቻችን ምጣድ ያሟሹበታል። በውጭ አገር ደግሞ ቅጠሉ ቀይና ሐምራዊ የሆነው ዝርያ ለግቢ ማስዋቢያ ተብሎ ይሸጣል። ዘሩ ውስጥ ሪሲን የሚባል በጣም ኃይለኛ መርዝ አለ። ሪሲን የሰውነታችን ሴሎች ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያደርጋል።

ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ሳይኘክ የተዋጠ ፍሬ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይወጣል። ከተኘከ ግን ጥቂት ፍሬ ብቻ ለሕፃን ሕይወት አስጊ ነው። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ (አንዳንዴም ደም የቀላቀለ) የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ቤተሰብ «ምንም አልሆነም» ብሎ ይዘናጋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሕክምናው የሚደረገው ሰውነቱን በፈሳሽና በሌላ ድጋፍ በማገዝ ነው። በነገራችን ላይ በትክክል የተጣራ የጉሎ ዘይት ሪሲን የለበትም፤ አደጋው ያለው ፍሬው ላይ ነው።

2. አስተናግርና ዘመዶቹ

አንዳንዶች ዕፀ ፋሪስ ይሉታል። እሾሃማ ፍሬ ያለው፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ መለከት የሚመስል አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። በየግቢው አጥር ላይ የምናየው፣ ትልልቅ አበባዎቹ ወደ ታች የተንጠለጠሉለት ዛፍም የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም አትሮፒንና መሰሎቹን ይይዛሉ። አትሮፒን እኛ ሐኪሞች በልክ የምንጠቀምበት መድኃኒት ነው፤ ተክሉ ላይ ግን ልክ የለውም፤ አንዱ ፍሬ ከሌላው ይለያያል።

የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሽንት እምቢ ይለዋል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል። ቤተሰብ «ምን ነካው?» እያለ ሌላ ሌላውን ሲያስብ ሰዓት ያልፋል። በድንገት መቃዠት የጀመረ ልጅ ወይም አዋቂ ካጋጠማችሁ «ምን በልቷል? ምን ጠጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. ፎክስግሎቭና ኦሊያንደር

ፎክስግሎቭ ረጅም ዘንግ ላይ እንደ ደወል የተደረደሩ አበባዎች ያሉት፣ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለልብ ሕመምተኞች ያለውን ጥቅም ጽፎ አሳተመ፤ ዛሬ ለልብ ሕመም የምናዘው ዲጎክሲንም ከዚሁ ተክል ወገን የተገኘ ነው። ግን ያው ተክል ያለ ልክ ከተበላ የልብን ምት ያዛባል። ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደርም ልብን የሚጎዳ ተመሳሳይ መርዝ አለው። ከሁለቱም ቅጠል ሻይ አይፈላም።

4. ስዊት ፒ

መዓዛው ግሩም የሆነ፣ ሐረጉ የሚወጣ፣ ዘሩ አተር የሚመስል አበባ ነው። «አተር» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ የጓያ ዘመድ ነው። ጓያ ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ በአማራ ክልል ብዙ ቤተሰብ በችግር ዘመን አይቶታል። የስዊት ፒ ዘር የሚበላ አይደለም፤ አበባውን ግን አሽትቱት፣ ግሩም ነው!

የተቀባ ዘር

ከዘር መሸጫ የገዛችሁት ዘር ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለሙ ለውበት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሻጋታ ወይም የተባይ መከላከያ ኬሚካል መቀባቱን ማስጠንቀቂያ ነው። በባዶ እጅ አትንኩት፣ ከነካችሁ በሳሙና ታጠቡ። ተርፎኛል ብላችሁ አጥባችሁ አትቀቅሉት፣ ለዶሮም አትስጡት።

ስሙ የማይታወቅ የውጭ ዘር

እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበል። ስሙን የማታውቁትን ዘር አትዝሩ። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት የዘር ፖስታ ሲደርሳቸው የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት «አትዝሩት፣ አስረክቡ» ብሎ ነበር። ምክንያቱ መርዝ ብቻ አይደለም።

የእኛኑ እምቦጭ ተመልከቱ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም ላይ የተሠራጨው በዋናነት አበባው ስላማረ ነው። አገራችን ውስጥ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በቆቃና በአዋሽ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ ተመዘገበ፤ እዚሁ አቃቂ ሥር ያለውን አባ ሳሙኤልንም ወርሮታል። ፓርቲኒየም ወይም ቅንጨ አረም የምንለውም ከውጭ የገባ ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስምና አለርጂ ይቀሰቅሳል። አንድ ላስቲክ ዘር ከበረንዳችሁ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አታውቁም።

የሚበላ ከሆነስ? ውሃውና አፈሩ

አንዳንዶቻችሁ ዘር የምትፈልጉት ለምግብ ነው፤ ባለቀለም ቆስጣ፣ ትንንሽ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ሰላጣ። በጣም ጥሩ! እዚህ ላይ ግን የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው የፋብሪካ፣ የቆዳ ማልፊያ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በወንዙ ውሃ፣ በዳርቻው አፈርና በዚያ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ እንደ እርሳስ (ሊድ)፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በተለያዩ ጥናቶች ተገኝተዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል።

«በደንብ አጥቤ፣ ቀቅዬ እበላዋለሁ» ትሉ ይሆናል። ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን አፈርና ጀርም ይቀንሳል፣ መቀቀል ጀርሙን ይገድላል። ተክሉ በሥሩ መጥጦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ብረት ግን ማጠብም መቀቀልም አያጠፋውም። እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ በአብዛኛው እንደ ቲማቲም ካሉት ፍሬዎች የበለጠ ይመጥጣሉ። ስለዚህ፦

👉 ለሚበላ ተክል የወንዝ ውሃ አትጠቀሙ፤ የቧንቧ ወይም ከንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።
👉 አፈር ከወንዝ ዳር፣ ከጋራዥና ከፋብሪካ አጠገብ አታምጡ።
👉 የቀለም፣ የዘይት ወይም የፀረ ተባይ መያዣ የነበረ ጀሪካን ለሚበላ ተክል አይሆንም፤ ብታጥቡትም።

እንዴት እንዝራ?

አንደኛ፣ ስም። ስሙ የተጻፈበት፣ የታሸገ ዘር ግዙ። ከጎረቤት ካገኛችሁ ያደገውን ተክል አይታችሁ፣ ስሙን ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ዕቃው ላይ ስሙንና የተዘራበትን ቀን ጻፉ። አንድ ነገር ቢፈጠር ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ አፈር። የአካባቢያችን ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለብቻው ዘር ያበሰብሳል። አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉበት፣ ዕቃውን ከሥር ብሱት። አፈርና ፍግ ስትነኩ ጓንት አድርጉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈር ውስጥ ይኖራልና ቁስል ካላችሁና ክትባታችሁ ከቆየ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ።

ሦስተኛ፣ መዘፍዘፍ። ጠንካራ ልባስ ያለው ዘር አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ቢያድር ቶሎ ይበቅላል። ነገር ግን በሻይ ብርጭቆ ወይም በልጅ ኩባያ አትዘፍዝፉ! ክዳን ያለው፣ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ዕቃ ይኑራችሁ፤ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

አራተኛ፣ ጥልቀትና ሙቀት። ዘሩን የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ያህል አፈር አልብሱት፤ እንደ አቧራ የደቀቀውን ላዩ ላይ ብቻ በትኑት። የእኛ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ እስኪበቅል በነጭ ላስቲክ ሸፍኑት። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ።

ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ምን ይሻላል? ሱፍ፣ ናስተርሺየም (አበባውም ቅጠሉም ይበላል)፣ ካሌንዱላ፣ ዚኒያ፣ በሶብላ። እነዚህም ቢሆኑ ዘራቸው ከልጅ እጅ ይራቅ፤ ትንታውን አትርሱ።

ልጅ ያልታወቀ ዘር ወይም ቅጠል ቢበላ

👉 አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ አፉን በውሃ አጥቡ።
👉 ለማስመለስ ጣት አትክተቱ፣ የጨው ውሃ አታጠጡ። ወተት፣ ዘይት፣ ጥሬ እንቁላል አትስጡ።
👉 ካደነዘዘው ወይም ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡ።
👉 የተረፈውን ዘር ወይም ቅርንጫፍ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱ። ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል እንደበላ ንገሩ።
👉 ደህና ቢመስልም አትጠብቁ። አምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ጥሩ። አቃቂ ቃሊቲ ላላችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው።
👉 እንደ ቅንጭብ ያለ ወተት የሚያወጣ ተክል ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።
👉 ከታነቀና ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ጎንበስ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫኑ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን ሳይሆን ደረቱን በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ።

ለእህታችን የምመልሰው እንግዲህ ይህ ነው፦ ዝንጉርጉሩን ዘር ዛሬውኑ ከቤት አስወጪው፤ በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ ልጁ በማይደርስበት፣ ክዳን ባለው ቆሻሻ ውስጥ። የሌሎቹን ስም ዘመድሽን ደውለሽ ጠይቂው፤ ካላወቀው እነሱም ይወገዱ። በምትኩ አንድ እሽግ የሱፍ ዘር ግዢና ከልጅሽ ጋር ዝሪ። እሱ ውሃ ያጠጣ፣ አንቺ ዘሩን ያዢ።

ትንሽ ልጅ ላላቸውና አበባ ለሚወዱ ሼር አድርጉላቸው። ቤታችሁ ያለውን ተክል ስሙን ካላወቃችሁት ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፣ ከሚያውቁት ጋር አብረን እንለየው።