አገር ስጠኝ፦ በጽሑፍ ብቻ የሚቆም የጨዋታ ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1986 ኮምፕቲክ የተባለው የጃፓን የኮምፒውተር ጨዋታ መጽሔት አንድ ያልተለመደ ዓምድ ጀመረ። ጥቂት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ የተባባሉት ነገር ተሰናድቶ እንደ ተውኔት ይታተም ነበር። አንዱ ፓርን የሚባል ልምድ የሌለው ወጣት ተዋጊ፣ ሌላው ጊም የሚባል ድንክ ሆኗል። ሂሮሺ ያማሞቶ የተባለው ደራሲ ደግሞ ዲድሊት የምትባል ጆሮዋ የረዘመ የጫካ ልጃገረድ ሆኖ ይናገራል። ጨዋታውን የሚመራው ሪዮ ሚዙኖ ነው። ሚዙኖ አንድም ጀግና አልያዘም፤ የሎዶስን ደሴት፣ ነገሥታቷን፣ ዘንዶዎቿን፣ መንገድ ላይ የሚገጥመውን ሽፍታ ሁሉ የሚያናግር ግን እሱ ነው።

ዓምዱ ተወደደ። በ1988 ሚዙኖ ታሪኩን ልብ ወለድ አድርጎ አሳተመው፤ ከ1990 እስከ 1991 ደግሞ በ13 ክፍል አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ፊልም ሆኖ ወጣ። ዛሬ ስልኩ ላይ አኒሜ የሚያይ ወጣት፣ ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛና ጆሮ ረጅም ፍጡር በአንድ ቡድን ሲጓዙ ሲመለከት፣ ያ ቡድን መልኩን በከፊል የወረሰው ከእነዚያ ጓደኛሞች ጨዋታ ነው። አንድ ደራሲ ብቻውን ተቀምጦ የፈጠረው ዓለም አይደለም። ተጫዋቾቹ እየጠየቁ፣ መሪው እየመለሰ፣ ማንም አስቀድሞ ያላሰበው ታሪክ ወጣ።

ይህ የሚና ጨዋታ ይባላል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ በእሱ አፍ ይናገራል፣ በእሱ ልብ ይወስናል። መሪው ቦታውን ይገልጻል፣ የድርጊቱን ውጤት ይናገራል፣ ሕግ ያስከብራል። በትብብር በሚደረገው ዓይነት አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ቡድኑ መከራውን የሚወጣው አንድ ላይ ነው። ጨዋታውን ሕግ ጽፈውለት ለገበያ ያቀረቡት አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው፤ በ1974 ባሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትሩብሾ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በኮምፒውተር የሚገባበት፣ ሥዕል የሌለው፣ በፊደል ብቻ የተሠራ ዓለም ጀመረ። ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ አሳደገው። «መድ» የተባለው ይህ ጨዋታ ዛሬ በኢንተርኔት ሚሊዮኖች ለሚጫወቷቸው ትልልቅ ጨዋታዎች ቅድመ አያት ነው።

ከየጥኖራ ተነስቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ሎዶስን በስም የሚያውቅ ጥቂት ይሆናል። የጨዋታውን ሥር ግን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። ማታ ምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ሲጀመር «እንቆቅልህ?» ይላል አንዱ፤ «ምን አውቅልህ?» ይላል ሌላው። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። «ደብረ ማርቆስን ሰጠሁህ» ይላል። የተሰጠው ልጅ ታዲያ እንዲሁ ተቀብሎ ዝም አይልም። ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምን ታርዶ እንደ ጠበቀው፣ ስንት ብርሌ ጠጅ እንደ ቀረበለት፣ ማን ወገቡን ታጥቆ እንዳስተናገደው ያወርደዋል፤ አገር የሰጠው ምስኪን በር ላይ ቆሞ ምን እንደ ተወረወረለትም አይረሳም። ሌሎቹ እየሳቁ ይጨምሩለታል። በአንድ ቃል የተሰጠ አገር ቤትና ገበያ፣ ጌታና ሎሌ ያለው ሆኖ ይቆማል። ሚዙኖና ጓደኞቹ ያደረጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በትልልቆቹም ዘንድ ዘመድ አለው። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎች ነገራቸውን በዜማና በምሳሌ ያቀርቡ ነበር፤ በቅሎ ወይም ማር ይወራረዱ ነበር፤ የሚፈርደውም መንገደኛ ሊሆን ይችል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንጂ ጨዋታ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ የአሠራሩ ጥበብ ግን ለማንኛውም የፈጠራ ሥራ መሪ ትምህርት ይሆናል። በብቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ዋሸራና ጎንጅ በዚህ ትምህርት ስማቸው የገነነ ነው። ተማሪው ለብቻው ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም አድምጠው ያርሙታል፣ ያቃኑታል። ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ሕጉ ጥብቅ ነው። ሆኖም ትናንት የተቆጠረው ዛሬ አይደገምም፤ በየቀኑ አዲስ ይጠበቃል። ሕግን ሳይለቁ አዲስ ነገር ማውጣት፣ ሌላው ያመጣውንም ሳይንቁ ሰምቶ ማቃናት፦ የሚና ጨዋታ መሪ ዋና ሥራ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጨዋታው በጽሑፍ ሲሆን በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ትዕይንት እናሰናዳ። ቦታው የሞጣ ሰው የሚያውቀው ሰባራ ድልድይ ይሁን። ከአፄ ፋሲል ዘመን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጋር የሚያያዘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዓባይ ላይ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱም ዳርቻ በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተተ ይሻገር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያየው አሜሪካዊ ኬን ፍራንዝ፣ ድልድዩን ለማስጠገን ከመነሳቱም በላይ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት መሠረተ። ለጨዋታ መሪ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሳይ ነው፤ ማንም ብቻውን ሊሻገረው አይችልም ነበርና።

መሪው ለቡድኑ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ድልድዩ መሐሉ ላይ ተቆርጧል፤ ከሥር ወንዙ ይጮኻል። በወዲያኛው ዳር ገመድ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ ፊታቸው ግን አይለይም። ከኋላችሁ የጥላ ፈረሰኞች ኮቴ እየቀረበ ነው። ገመዱ በአንድ ጊዜ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

ፈዋሿን የያዘችው ተጫዋች «ሰሎሜ ገመዱን ዳበሰች። ‹መጀመሪያ ልጁን አሻግሩት፤ እኔ እቆያለሁ› አለች» ብላ ትመልሳለች። ጎራዴኛውን የያዘው «አንዳርጌ ወደ ድልድዩ አፍ ዞሮ ቆመ። ፈረሰኞቹን ለመግታት ይሞክራል» ይላል። ገና አስማት የሚማረውን ልጅ የያዘው ደግሞ «ሙሉ ወዲያ ማዶ ያሉትን ሰዎች አላመናቸውም። ሰሎሜ ፋኖሷን ብታውሰው ብርሃኑን አጉልቶ ፊታቸውን ሊያይ ፈለገ» ብሎ ይጽፋል።

በእነዚህ አጫጭር መልሶች ውስጥ የጨዋታው ሥነ ሥርዓት በሙሉ አለ። አንዳርጌ ፈረሰኞቹን ገታ አልተባለም፤ ሊገታ ሞከረ ነው የተባለው። ተጫዋቹ ሐሳቡን ይጽፋል፣ ውጤቱን መሪው ይናገራል። ሙሉም ፋኖሱን ከሰሎሜ እጅ አልነጠቀም፤ ለባለቤቷ የመስጠትና የመከልከል ፈንታ ተወላት። አንድ ተጫዋች «አንዳርጌ ፈረሰኞቹን ሁሉ ፈጃቸው፤ ሰሎሜም ፈርታ አለቀሰች» ብሎ ቢጽፍ ግን ሁለት ጥፋት አጥፍቷል። የመሪውን ሥራ ወስዷል፤ የጓደኛውንም ሰው ያለ ፈቃዷ አስለቅሷል። በጽሑፍ የሚደረግ ጨዋታ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ስስት ነው። መሪው ጥፋተኛውን በሁሉም ፊት ከማሳፈር ይልቅ ለብቻው በውስጥ መስመር ቢመክረውና ጽሑፉን ራሱ እንዲያርም ቢያደርገው ቡድኑም ወዳጅነቱም ይተርፋል።

የመሪው ጽሑፍ በጥያቄ መዘጋቱም በምክንያት ነው። ጀማሪ መሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ዓለሙን ለወራት ሲያስቡበት ስለ ቆዩ ንጉሡ ማን እንደ ሆነ፣ ጦርነቱ እንዴት እንደሚያልቅ አስቀድመው ጨርሰውታል፤ ተጫዋቾቹ የሚቀራቸው ማጨብጨብ ብቻ ይሆናል። ከሳምንት በኋላ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። ጥሩ መሪ ችግሩን ያዘጋጃል፣ መፍትሔውን ግን አያዘጋጅም። ገመድ የያዙት ሰዎች ወዳጅ ይሁኑ ጠላት፣ ሙሉ ፋኖሱን እስኪያነሳ ድረስ ሳይወስን ቢቆይ ይሻለዋል።

የአንዳርጌ ሙከራ ይሳካ እንደሆነ ዳይስ፣ ማለትም ተወርውሮ ቁጥር የሚያወጣ መጫወቻ፣ ይወስናል። ለዚህ ማንም ከገበያ ዳይስ መግዛት አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የዳይስ ምልክት ሲላክ ራሱ አንከባሎ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያወጣል፤ ላኪው ቁጥሩን መምረጥ አይችልም። ጃፓኖቹም በ1989 ሎዶስ ካለበት ዓለም የተወለደውን «ሶርድ ዎርልድ» የተባለ ጨዋታቸውን የሠሩት በዚሁ በተለመደው ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው። ቀላል ሕግ ይበቃል፦ 5 ወይም 6 ከወጣ ተሳካ፤ 3 ወይም 4 ከወጣ ተሳክቶ ዋጋ ያስከፍላል፤ 1 ወይም 2 ከወጣ አልሆነም። ዋናው ነገር ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ምን እንደሚያዝ መናገር ነው፤ በበላ ልበልሃ ውርርዱ አስቀድሞ ይታወቅ እንደ ነበረው ማለት ነው። «ካልተሳካ ጎራዴህ ወንዝ ይገባል» ከተባለና አንዳርጌ እሺ ካለ፣ በኋላ የሚያኮርፍ የለም። ሽንፈቱም ታሪኩን መዝጋት የለበትም። ጎራዴው ወንዝ ከገባ፣ ነገ ወንዙ ዳር የሚያገኘው ሰው ይኖራል።

የሰው ጠባይ አያያዝ ከዳይሱ ይከብዳል። ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፉ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ደረጃና ሀብት ማካበት የሚወዱ፣ ዓለሙን መመርመር የሚወዱ፣ ከሰው ጋር መጫወት የሚወዱ፣ ሌላውን ማጥቃት የሚወዱ። በትብብር ጨዋታ አራተኛው ዓይነት ጠባይ ፊቱን ወደ ጋራ ጠላት ማዞር ካልቻለ ቦታ የለውም። ሦስቱ ግን በየፊናቸው ሊጠግቡ ይችላሉ። ለአንዱ የምትነጠቅ ዘውድ፣ ለአንዱ ያልተከፈተ ዋሻ፣ ለአንዷ ምስጢር የምታካፍላት አሮጊት ይዘጋጃል። ዝምተኛውን ተጫዋች መጥራት የመሪው ግዴታ ነው፤ «ሙሉ፣ ከሁሉ በፊት ድምፁን የሰማኸው አንተ ነህ» ማለት ብቻ ይመልሰዋል። ሁለት ቀን ሙሉ መልስ ያልሰጠ ሰው ገጸ ባሕርዩ ከቡድኑ ጋር ዝም ብሎ እንዲከተል አስቀድሞ መስማማት ደግሞ ሌሎቹን ከመጠበቅ ያድናል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ወይም ከብት ሊያግድ የወጣ ልጅ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል። በጨዋታው ውስጥ የሚባለውና ስለ ጨዋታው የሚወራው በተለያየ ክፍል ቢሆን ደግሞ ታሪኩ በሰላምታና በቀልድ አይቆራረጥም።

ስለ ወጪም መናገር ተገቢ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዘመኑ የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ባለ 600 ፊደል መልስ፣ ጽሑፉ ብቻ ሲታሰብ፣ 2 ኪሎባይት አይሞላም፤ በ1 ሜጋባይት ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ መልሶች ይላካሉ። አንድ ደህና ፎቶግራፍ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው የጽሑፍ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔትም እንደሚሆን ቢያውቅ ደስ ይለዋል። አንድ አጭር የስልክ መልእክት 70 የአማርኛ ፊደል ይይዛል፤ ለአንድ ድርጊት በቂ ነው። በደብተርም ይሆናል። አንዱ ገጽ ጽፎ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ መሪው በሳምንቱ መጨረሻ ሰብስቦ ይመልሳል። ኮምፒውተር ሳይስፋፋ በፊት በውጭው ዓለም በፖስታ የሚጫወቱ ብዙዎች ነበሩ።

ታዲያ ዓለሙ የማን ይሁን? ናሩቶ የተባለውን አኒሜ የሚወዱ ልጆች በናሩቶ መንደር ቢጀምሩ ነውር የለበትም፤ ሁሉም የሚያውቀው ዓለም መግለጫ ይቀንሳል። ችግሩ ትልቁ ጀግና አስቀድሞ የተያዘ መሆኑ ነው። የራስን አገር ወደ አኒሜ ቅዠት ማምጣት ይበልጥ ያዋጣል። በሠራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ልዕለ ኃይል ያለው ጀግና አዲስ አበባ ላይ ቢቆም እንደሚያምር አሳይቷል። ብቸናና ሞጣ ደግሞ ከዚያ ያላነሰ ስንቅ አላቸው፦ ጉም የማይለየው የጮቄ ተራራ፣ የዓባይ በረሃ፣ ንግሥት እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም፣ ሌሊት ሙሉ ሲነገር የሚያድር የጭራቅ ተረት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን ረግጧት ለማያውቅ አንባቢ ሁሉ የታወቀች አድርገዋታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ገባባት። ለዚያ ሁሉ ያስፈለገው ቃል ብቻ ነበር።

ይህን የሚሞክር ቡድን በአራት ወይም በአምስት ሰው፣ በአንድ ወር በሚያልቅ አጭር ታሪክ ቢጀምር ይበጀዋል፤ ትልቅ ዓለም ታቅዶ መሐል መንገድ ላይ ከሚቀር ድልድዩን ተሻግሮ የሚያልቅ ይሻላል። ሲያልቅም መሪነቱ ለሌላ ይተላለፍ፤ ትናንት ሰሎሜን የያዘችው ልጅ ነገ የወንዙንና የፈረሰኞቹን ድምፅ ትያዝ። የተጻፈው ሁሉ ደግሞ አይጥፋ። ኮምፕቲክ እንዳደረገው የፊደል ግድፈቱ ታርሞ፣ ማን ምን እንዳለ ተለይቶ ቢሰናዳ፣ ለትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ የሚነበብ፣ በአማርኛ ገና ያልተለመደ ዓይነት ጽሑፍ ይሆናል።