የባሕር አረም ጭማቂ ለቡናችን ማዳበሪያ ይሆናል?

አስኮፊለም ኖዶሰም በሰሜን አትላንቲክ ዓለታማ ዳርቻዎች የሚበቅል ቡናማ የባሕር አረም ነው፤ ጭማቂውም በዓለም ገበያ ለሰብል ማነቃቂያነት ይሸጣል። ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ ቡና አምራች ግን ቀዳሚ ወጪ ሊሆን አይገባም። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ አነስተኛ ነው፤ በውኃ ቀጥኖ ቅጠል ላይ ስለሚረጭም የተለቀመው ቡና ከአፈር የወሰደውን ንጥረ ነገር አይተካም። ዝናብ የሚበዛበትን አካባቢ አፈር የሚያጠቃውን አሲዳማነት የሚያርመውም ኖራ እንጂ ርጭት አይደለም።

«ድርቅን ለመቋቋም ይረዳል» የሚል ክርክር አለ። በተለያዩ ሰብሎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ይደግፋሉ፤ ምግብ ያጣን ተክል ግን ማነቃቂያ አያጠግበውም። በአንጻሩ በእጃችን ያለው የቡና ገለፈት በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ከእበትና ከጥላ ዛፍ ቅጠል ጋር ሲብላላ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አፈራችሁን አስመርምሩ፤ ገለፈቱን ወንዝ ውስጥ ከመድፋት አብላሉት። ገንዘብ ከተረፈ ርጭቱን በጥቂት ዛፎች ላይ ሞክሩና ካልተረጩት ጋር አወዳድሩ።